አንድ የጅማ አጥቢያ ምእመናኑን ወደ አገልግሎት ያወጣበት መንገድ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ስለ ምእመናን አገልግሎት ብዙ ይሰበካል። አንድ አጥቢያ ከስብከቱ በኋላ ባሉት የሥራ ቀናት ምን እንዳደረገ፣ የትኛው ሙከራ እንደ ሰመረና የትኛው እንደ ከሸፈ ግን በጽሑፍ የሚቀመጠው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በጅማ ከተማ የሚገኝ አንድ አጥቢያ ከሁለት ዓመት በላይ ያለፈበትን ሂደት ይመዘግባል። እኔ በአጥቢያው የቤት ለቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድኖችን የማስተባብር ሽማግሌ ስሆን፣ ጉዳዩን የጻፍኩት በመጋቢውና በሽማግሌዎች ጉባኤ ፈቃድ ነው። የአጥቢያውም ሆነ የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም። ከተጠቀሱት አንዳንዶቹ ታማሚዎችና ሐዘንተኞች ናቸው፤ ያገለገሉትም ሰዎች ስማቸው እንዲነሣ አልፈለጉም።

የአጥቢያው ዳራ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የብዙ አካባቢ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የቡና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከከተማዋ 120,960 ነዋሪዎች መካከል 47 በመቶ ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ 39 በመቶው የእስልምና፣ 13 በመቶው ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የነዋሪው ቁጥር በጣም ጨምሯል፤ ሆኖም አጥቢያው ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ እድርና በአንድ ገበያ የሚኖር ማኅበረሰብ መሆኑ አልተለወጠም። ይህ እውነታ ኋላ ላይ በተወሰኑት ውሳኔዎች ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የአጥቢያው አባላት የመንግሥት ሠራተኞች፣ የከተማዋ መርካቶ ነጋዴዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎችና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ሥራ ፍለጋ ከዳውሮ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሃዲያ የመጡ ናቸው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የተባለው የሚስዮናውያን ድርጅት ልዑካን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ሲነሡ ያሰቡት ወደ ጅማ ለመሄድ ነበር፤ ሥራቸው ግን በወላይታ፣ በሃዲያና በሲዳማ ተተከለ። የእነዚያ አካባቢዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በጅማ አጥቢያዎች በብዛት መገኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእሁዱ አምልኮ በአማርኛ የሚካሄድ ሲሆን በኦሮምኛ የሚካሄድ የተለየ ጉባኤም አለ፤ በየቤቱ ግን ዳውሮኛና ወላይትኛ ይነገራል። ይህ የቋንቋ ሀብት ለብዙ ዓመታት እንደ ሀብት አልተቆጠረም ነበር።

የአጥቢያው ዓመት በሁለት ነገሮች ይመራል። አንደኛው የዩኒቨርሲቲው መርሐ ግብር ነው፤ ተማሪዎች ሲመረቁ ወይም ለእረፍት ሲሄዱ የመዘምራን ቡድኑና የልጆች ሰንበት ትምህርት በአንድ ጊዜ ይሳሳሉ። ሁለተኛው የቡናው ወቅት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ጊዜ የለውም።

ችግሩ

በእሁድ አምልኮ አዳራሹ ይሞላል። የሳምንቱ ሥራ ግን በመጋቢውና በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። የታመመ የሚጠይቀው፣ ለቅሶ ላይ የሚጸልየው፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን የሚያስታርቀው፣ አዲስ አማኞችን የሚያስተምረው፣ አንዳንድ ጊዜም የግቢውን በር የሚከፍተው መጋቢው ነበር። ምእመናኑ ይወዱታል፤ ፍቅራቸውን የሚገልጡትም ሁሉን ነገር ወደ እርሱ በማምጣት ነበር። ሌላው ሰው አገልግሎትን የሚያያይዘው ከመድረክ ጋር ስለ ነበር፣ የማይዘምርና የማይሰብክ ሰው ዓመታት ቢቆይም ከወንበሩ የሚነሣበት ምክንያት አልነበረውም።

በመንፈሳዊ ሕይወትም ተመሳሳይ መቆም ይታይ ነበር። በጥናት ቡድኖቹ ውስጥ ሰዎች ጥቅስ ያውቃሉ፤ የስብከቱንም ነጥብ በትክክል ይደግማሉ። የጸሎት ርእሶቹ ግን ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የራስ ሥራ፣ የራስ ጤና፣ የራስ ልጅ። ይህን የምጽፈው እነዚህን ጸሎቶች ለማቃለል አይደለም፤ ችግር ላይ ያለ ሰው ስለ ችግሩ መጸለይ አለበት። ነገር ግን የሌላ ሰው ሸክም በጸሎታችን ውስጥ ቦታ ያጣበት ጊዜ ነበር።

ነገሩን ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ያመጣው የመጋቢው ሕመም ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሐኪም እረፍት አዘዘለት። በእረፍቱ ሳምንታት ሦስት ሐዘን ላይ የነበሩ ቤተሰቦች የሚያጽናናቸው ሰው ከቤተ ክርስቲያን አልመጣም ብለው አዘኑ። ጉባኤው የተሰበሰበው በዚህ ጉዳይ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ስብከትና ቅጽ

መጋቢው ወደ ሥራ ሲመለስ ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። ከዘጸአት ምዕራፍ 18 ዮቶር ለሙሴ የሰጠውን ምክር፣ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በማዕድ አገልግሎት ቸል ለተባሉት መበለቶች ሲባል ሰባት ሰዎች የተመረጡበትን ሁኔታ፣ ከኤፌሶን ምዕራፍ 4 ደግሞ የመጋቢዎችና የአስተማሪዎች ሥራ ቅዱሳንን ለአገልግሎት ማዘጋጀት መሆኑን አስተማረ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ሲታሰብ ጉድለት አይወጣለትም። በመጨረሻው እሁድ ቅጽ ታደለ፤ እያንዳንዱ ሰው ሊያገለግልበት የሚፈልገውን ክፍል እንዲመርጥ ተጠየቀ፤ ብዙ ሰው ሞልቶ መለሰ።

ከሁለት ወር በኋላ በሥራ ላይ የተገኙት አዳዲስ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ቅጾቹ በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች የሕዝቡ ልብ ቀዝቅዟል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። መጋቢው ይህን አልተቀበለም። ቅጾቹ እንዲወጡ ጠይቆ ከእኛ ጋር አንድ በአንድ ሲያነባቸው የታየው ሌላ ነገር ነው። ቅጹ የዘረዘራቸው ክፍሎች መዘምራን፣ አስተናጋጆች፣ ሰንበት ትምህርት፣ የድምፅ ክፍልና የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ ሁሉም ቀድሞውኑ ሰው የነበራቸውና በግቢው ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ከምርጫዎቹ አንዱንም ሳይነኩ «ምን እንደምችል አላውቅም፤ ከታዘዝኩ ግን እመጣለሁ» ብለው ጽፈው ነበር። ማንም ስልክ አልደወለላቸውም። ለፈቃደኞቹ የተቆረጠ ቀን፣ የተመደበ ጓደኛ፣ የተወሰነ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ሰዎቹ እሺ ብለው ነበር፤ እሺታቸውን ግን የሚቀበል ሥርዓት አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ያለውን መፈለግ

ከዚያ በኋላ መጋቢውና ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ዞሩ። የሚጠይቁት ጥያቄ ተለወጠ። ምን ማገልገል ትፈልጋለህ ማለቱ ቀርቶ ባለፈው ሳምንት ማንን ጠየቅህ፣ ማንንስ አገዝህ የሚል ሆነ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የመለሰልን ነገር ብዙ ነበር። ምጥ የያዛቸውን እናቶች በሌሊት ያለ ክፍያ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ የባጃጅ አሽከርካሪ አገኘን። ከሥራ በኋላ ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ የምታስጠና የመንግሥት ሠራተኛ አገኘን። ሁለቱም ይህ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚገናኝ ነገር አድርገው አስበውት አያውቁም።

ለሂደቱ ሁሉ መነሻ የሆኑት ግን አንዲት እናት ናቸው። በሆስፒታሉ አካባቢ ዳቦ እየሸጡ የሚተዳደሩ፣ ትውልዳቸው ዳውሮ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት ነበሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መነሻው በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመ ሆስፒታል ሲሆን፣ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ 15 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከፍተኛ ሕክምና ይሰጣል ተብሎ ይገመታል። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከሸካ፣ ከቡኖ በደሌ፣ ከኢሉ አባ ቦር፣ ከየምና ከጋምቤላ ጭምር ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር አስታማሚ ይመጣል። አስታማሚው የሚያድርበት፣ የሚበላውና የሚናገርበት ቋንቋ ያስፈልገዋል። እኚህ እናት ጠዋት ጠዋት በፔርሙዝ ሻይ ይዘው ዳውሮኛ ብቻ የሚናገሩ አስታማሚዎችን ይፈልጋሉ፤ ካርድ የሚወጣበትን፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚወሰድበትንና መድኃኒት የሚገዛበትን መስኮት ያሳያሉ። መጋቢው ይህን ሰምቶ «እትዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ሲያገለግሉ ለምን አልነገሩንም?» ሲላቸው፣ «ኧረ መጋቢ፣ እኔ መቼ አገለገልኩ? ሻይ ነው ያፈላሁት» ብለው መለሱ።

መጋቢው እርሳቸውን መድረክ ላይ አውጥቶ ምስክርነት አላሰጠም። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ እንደ ነበር አምናለሁ፤ መድረክ ላይ ቢወጡ ኖሮ ጭብጨባ ይሆንና ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ይልቁንም ሁለት ሰዎች አብረዋቸው እንዲሄዱ ጠየቃቸው። አንደኛው ቅጹ ላይ «ከታዘዝኩ እመጣለሁ» ብለው የጻፉት አባት ነበሩ።

የወጡት ደንቦችና የተነሣው ክርክር

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚሄዱት ሰዎች ሲበዙ ሥርዓት ማበጀት አስፈለገ። በመጀመሪያ የሆስፒታሉን አስተዳደር ፈቃድ ጠየቅን፤ የተፈቀደውም በጠያቂ ሰዓት ብቻና ከነርሶች ጋር በመነጋገር ነበር። ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ፣ ከሁለቱ አንዱ ከአማርኛ ሌላ ቢያንስ አንድ የአካባቢውን ቋንቋ እንዲናገር፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲመደብ ተወሰነ። ምደባው በሦስት ወር ያበቃል፤ መቀጠል የፈለገ ያድሳል፣ ማቆም የፈለገ ያለ ምንም ወቀሳ ያቆማል። ስለ ሕክምና ምክር መስጠት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ጥሬ ገንዘብ በእጅ መስጠት ተከለከለ።

ከደንቦቹ ሁሉ ያከራከረው ስብከትን የሚመለከተው ነው። ሽማግሌዎች በሆስፒታሉ ውስጥ ስብከት፣ መዝሙርና የወንጌል ጽሑፍ ማደል እንዳይኖር ወሰኑ፤ ጸሎትም የሚጸለየው ታካሚው ወይም አስታማሚው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ለዚህ ውሳኔ ምክንያት የሆነው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃቱ ግን መሠረት ነበረው። በ2003 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ በጅማ ዞን በአሰንዳቦና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ያንን ጊዜ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እርዳታችን ሃይማኖት ማስቀየሪያ ነው ተብሎ እንዳይተረጎም ሰግተዋል። ከዚያ በላይ ግን የታመመና የተራበ ሰው እምቢ ለማለት አቅም በሌለው ሰዓት ማስተማር ለሰውየውም ለወንጌሉም ክብር አይሰጥም የሚል እምነት ነበራቸው።

ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ይህን ወንጌልን መደበቅ ነው ብለው ተቃወሙ። መጋቢው ስሜታቸውን አላጣጣለም፤ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከሉቃስ ምዕራፍ 10 አብሮአቸው አጠና። ሳምራዊው ዘይትና ወይን ሲያፈስስ፣ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ገንዘብ ሲከፍል ቁስለኛውን ስለ እምነቱ አልጠየቀውም። ስለ ተስፋችን ምክንያት የሚጠይቀን ሰው ካለ ደግሞ በየዋህነት እንድንመልስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ያዘናል። ስለዚህ የተስማማንበት ሐሳብ ከጠየቁን እንመልሳለን፤ ካልጠየቁን እናገለግላለን የሚል ሆነ። ሁለት ወጣቶች አልተስማሙም፤ በሌላ አገልግሎት ቆዩ።

የመጋቢው ድርሻ ሲቀየር

ምእመናን መሥራት እንዲጀምሩ መጋቢው አንዳንድ ሥራ መተው ነበረበት። በእኔ እይታ በሂደቱ ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነበር፤ ለእርሱም ለሕዝቡም ከባድ ነበር። የወሰደው መንገድ ብቻውን ወደ የትኛውም ቤት አለመሄድ ነው። በመጀመሪያው ጥየቃ አብሮት የሚሄደው አባል ዝም ብሎ ይመለከታል። በሚቀጥለው አባሉ ያነብባል ወይም ይጸልያል፤ መጋቢው ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ አባሉ ከሌላ አባል ጋር ይሄዳል፤ ሲመለሱ መጋቢው ምን እንዳዩና ምን እንደ ከበዳቸው ይጠይቃቸዋል።

ቅሬታው ወዲያው መጣ። አንዲት የታመሙ እናት «ሰው መጥቶልኛል፤ መጋቢ ግን አልመጣም» ብለው ለዘመድ ሁሉ ነገሩ። መጋቢው ቅሬታውን ሲሰማ ሄዶ ጠየቃቸው፤ የሄደው ግን ቀድሞ የጠየቋቸውን ሁለት ሰዎች ይዞ ነው፤ እንዲጸልዩ የጠየቀውም እነርሱን ነበር። በአደባባይ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረም። ይህን በተለያዩ ቤቶች ደጋግሞ ካደረገ በኋላ ቅሬታው ቀነሰ፤ ጨርሶ ጠፋ ማለት ግን አይቻልም። አንዳንድ ሰዎች ዛሬም መጋቢው ራሱ እጁን ካልጫነባቸው የተጸለየላቸው አይመስላቸውም።

አንድ ለቅሶ

ሂደቱ ሥር መያዙን ያረጋገጠልን አንድ አጋጣሚ በዝርዝር መቀመጥ አለበት። ከዳውሮ ዞን ታናሽ ወንድሙን ለማሳከም የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ወንድሙ ሌሊት ላይ አረፈ። አስከሬኑን ወደ ታርጫ አካባቢ ለመውሰድ የተጠየቀው የመኪና ኪራይ ገበሬው በኪሱ ካለው ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ አማርኛም ኦሮምኛም በቅጡ አይናገርም። መጋቢው በዚያ ሳምንት ለቤተ ክርስቲያኒቱ ስብሰባ ከከተማ ወጥቶ ነበር።

በማለዳ ነገሩን ያወቁት ሻይ ይዘው የሄዱት እናት ናቸው። ገበሬውን በቋንቋው አናገሩት፤ አብረውትም አለቀሱ። አብሮአቸው የተመደበው ሰው ለባጃጁ አሽከርካሪ ደወለ፤ አሽከርካሪውም ወደሚኖርበት ሰፈር እድር ሄደ። የእድሩ ዳኛ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። ሟቹ የእድሩ አባል አይደለም፤ በደንቡ መሠረት እድሩ የሚከፍልበት መንገድ የለም። አዛውንቱ ግን የእድሩን ገንዘብ ሳይነኩ ጎረቤቱን በየበሩ ለመኑለት። ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች ሰጡ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰጡ፤ በሌላ ቦታ አይተውት የማያውቁት ሰው ስለ ሆነ ማንም የሰጠውን አላስመዘገበም። ከአጥቢያችን ነጋዴዎች አንዱ መኪናውን ሰጠ፤ ነዳጁና የሹፌሩ አበል ከተሰበሰበው ተከፈለ። ሁለት ሰዎች በጭዳ በኩል እስከ ቀብሩ ቦታ ድረስ ከገበሬው ጋር ሄደው፣ ቀብሩ ላይ ቆመው፣ በማግስቱ ተመለሱ።

መጋቢው ይህን የሰማው ከስብሰባው ሲመለስ ነው። እርሱን ስልክ ደውሎ የጠየቀ፣ ፈቃድ የጠበቀ ወይም ምን እናድርግ ያለ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎች ሲገናኙ መጋቢው ከሁሉ ያስደሰተው ስልኩ አለመጮኹ መሆኑን ነገረን።

ያልሠሩ ነገሮች

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ክረምት በምሽት የተጀመረው የአገልጋዮች ሥልጠና አልተሳካም፤ በጅማ ክረምት ከሥራ በኋላ በጭቃና በዝናብ እናቶችን ማስወጣት አይቻልም። ሥልጠናው ወደ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሲዛወር ሰው መጣ።

የገንዘብ ጉዳይም አስቸግሮናል። ደንቡ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ቢከለክልም አገልጋዮቹ የሰው ችግር ሲያዩ መቻል አቅቷቸው ከራሳቸው ኪስ ሰጥተዋል፤ አንዲት እህት ለቤቷ አስቤዛ የያዘችውን ገንዘብ ሰጥታ ከባሏ ጋር ተጣላች። ዲያቆናቱ ትንሽ ሣጥን ከፍተው ለምግብና ለመድኃኒት መግዣ በደረሰኝ የሚወጣ ገንዘብ መደቡ። ይህ ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበት ነገር ነው።

ሁለት ጥንዶች በጣም ደክመው አቆሙ። ከእነርሱ አንዷ ነርስ ስትሆን ቀኑን ሙሉ ከምትሠራበት የሕሙማን ክፍል ወጥታ ተመልሳ ወደ ሕሙማን እንድትሄድ መመደቧ ራሱ ልክ አልነበረም። አሁን ልጆችን ታስተምራለች፤ ደስተኛም ናት። መዘምራኑም ለተወሰነ ጊዜ ተከፍተው ነበር፤ ስለ ውጭው አገልግሎት በተደጋጋሚ ሲነገር የእነርሱ ድካም እንደ ከንቱ የተቆጠረ መሰላቸው። መጋቢው ከእነርሱ ጋር በተናጠል ተቀምጦ መነጋገር ነበረበት።

በቡናው ወቅት የነጋዴዎቹ ምደባ ይፈርስ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከራሳቸው ነው። በእነዚያ ወራት ጊዜ መስጠት ስለማይችሉ፣ መኪናቸው ወደ ቦንጋ ወይም ወደ በደሌ መስመር ባዶውን ሲሄድ ከሆስፒታል የወጡ ታካሚዎችን በጋቢና ያደርሳሉ። ለተማሪዎቹ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ሁልጊዜ ከከተማው ነዋሪ ጋር እንዲጣመር ተደረገ፤ ተማሪው ሲመረቅ ሥራው ከነዋሪው ጋር ይቀራል። ይህ በሰንበት ትምህርት ክፍልም ስለ ሠራ የክረምቱ መሳሳት ቀንሷል።

በመንፈሳዊ ሕይወት የታየው

የብዙዎቻችን ግምት ሰው በመጀመሪያ በእምነቱ ይበስላል፣ ከዚያ ያገለግላል የሚል ነበር። በዚህ አጥቢያ የታየው በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። የጥናት ቡድኖቹ ስብሰባቸውን በዚህ ሳምንት ምን አያችሁ በሚል ጥያቄ መጀመር ሲጀምሩ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያመጡት ጥያቄ ተለወጠ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ራቁቱን ሆኖ የዕለት ምግብ ስላጣ ወንድም ሲናገር አንባቢዎቹ አሁን የሚያውቁት ፊት ነበራቸው።

ከሁሉ የጠለቀው ጊዜ አንድ ሕፃን ሲሞት የመጣው ነው። እናቱ ጸልዩልኝ ብላ ለምና ነበር፤ አገልጋዮቹ በጾም ጭምር ለሳምንታት ጸለዩ። ሕፃኑ ሲሞት አንድ ወጣት በቡድኑ ፊት ከእንግዲህ ምን ብዬ እጸልያለሁ ብሎ ጠየቀ። መጋቢው ፈጥኖ አልመለሰለትም። ለበርካታ ሳምንታት መዝሙር 13ን እና መዝሙር 88ን አጠናን፤ በዮሐንስ ምዕራፍ 11 ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያለ ማልቀሱን አጠናን። መዝሙር 88 በጨለማ የሚያበቃ ጸሎት ሲሆን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ቦታ ተሰጥቶታል። ብዙዎቻችን ለእግዚአብሔር ሐዘናችንን ሳንሸፍን መናገር እንደሚፈቀድልን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ወጣቱ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተመልሶልኛል አይልም፤ ወደ ሆስፒታሉ መሄዱን ግን አላቆመም።

የዳውሮዋ እናት ፊደል መቁጠር ጀምረዋል። ምክንያታቸው አንዲት አስታማሚ መዝሙር እንዲያነቡላት ጠይቃቸው አለመቻላቸው ነው። የምታስተምራቸው ከሰንበት ትምህርት ክፍል አንዲት ተማሪ ናት። በእቁብ ገንዘብ ተጣልተው ለረጅም ጊዜ የማይነጋገሩ ሁለት ሴቶች ደግሞ ሳይታወቅ በአንድ ቀን ተመድበው ነበር፤ በዚህም አልታረቁም፤ አንዷ ቀኗን አስቀየረች። እርቁ የተፈጸመው ከወራት በኋላ በሽማግሌዎች ነው። አገልግሎት ሁሉን ነገር እንደማይፈታ ለማስታወስ ይህንን መጻፍ ተገቢ ነው።

ለሌሎች አጥቢያዎች የሚተርፈው

ስብከቱ አስፈላጊ ነበር፤ በኋላ የመጡት ሰዎች ለምን እንደሚያገለግሉ ሲጠየቁ የሚጠቅሱት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ነው። ስብከት ብቻውን ግን ሰውን ከወንበሩ አያስነሣውም። የተወሰነ ሥራ፣ የተቆረጠ ቀን፣ አብሮ የሚሄድ ሰውና የሚያበቃበት ጊዜ ሲጨመርበት ፈቃደኛው ይመጣል። የጊዜ ገደቡ በተለይ እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ አይገባውም፤ ማቆም እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለመጀመር አይፈራም።

አዲስ ክፍል ከማቋቋም በፊት ምእመናኑ ቀድሞውኑ የሚያደርጉትን መፈለግ ይጠቅማል። ሆስፒታል በሌለበት ከተማ መናኸሪያ፣ ማረሚያ ቤት ወይም ገበያ አለ፤ በየአጥቢያው ደግሞ ማንም ሳይልካቸው ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ በጉባኤ የማይናገሩ ስለሆኑ በቅጽ አይገኙም፤ ቤታቸው መሄድ ያስፈልጋል። ቋንቋቸውና የመጡበት አገር ለአገልግሎቱ ዋና መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

መጋቢ ሥራ ሲያስረክብ በሕዝቡ ዘንድ ቸል ያለ ሊመስል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅና ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ እንዲደግፉት ማድረግ ያሻል። የእኛ ጉባኤ ቅሬታ ሲመጣ መጋቢውን ወደ ቀድሞው ልማድ አልገፋውም፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ሂደቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ። የተለያየ እምነት ተከታዮች አብረው በሚኖሩበት ከተማ ደግሞ ምን እንደማይደረግ በግልጽ ጽፎ ማስቀመጥ፣ የጎረቤት ሽማግሌዎችንም አስቀድሞ ማነጋገር አገልጋዮቹን ከጥርጣሬ፣ ታካሚዎቹንም ከጫና ይጠብቃል።

እስካሁን ያልተቋጨ ጉዳይ አለ። ከዚያ ለቅሶ በኋላ የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎች ከሩቅ መጥተው በሆስፒታል ለሚያርፉ ሰዎች አስከሬን ማጓጓዣ የሚሆን የጋራ መጠባበቂያ ገንዘብ ስለማቋቋም ንግግር ጀምረዋል። ሌሎች የሰፈር እድሮችም እንዲገቡበት ተጠይቀዋል። ገንዘቡ በማን ስም እንደሚቀመጥ፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው የእድር አባላት ስንት እንደሚያዋጡ፣ በአንድ ወር ብዙ ሞት ቢደርስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም፤ የአጥቢያው ዲያቆናት ረቂቅ ደንቡን ከእድሮቹ ጸሐፊዎች ጋር በማዘጋጀት ላይ ናቸው።